መኪናው ርካሽ፣ አረቦኑ ውድ፦ ያረጀ የስፖርት መኪና ለሚገዛ ወጣት

ሃያ ዓመት ያለፈው ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ከአዲስ የቤት መኪና በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። መንጃ ፈቃዱን ገና ያወጣ ወጣት ዓይኑን የሚጥልበትም ለዚህ ነው። ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ ከሻጩ ጋር ተከራክሮ ዋጋ ቆርጦ ኢንሹራንስ ሊገባ ሲሄድ ግን የሚጠየቀው አረቦን፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ክፍያ፣ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲቀራረብ፣ አንዳንዴም ሲበልጥ ያገኘዋል። «መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም የምትከፍሉኝ ከዚህ አይበልጥም፤ ታዲያ ይሄን ሁሉ የምታስከፍሉኝ በምን ሂሳብ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሂሳቡ ግን አለ፤ በአብዛኛው የሚሰላውም በመኪናው ሳይሆን በአሽከርካሪው ነው።

የመኪና ኢንሹራንስ የምንለው በአንድ ውል ውስጥ የተቀመጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንደኛው የራስን መኪና ይጠግናል ወይም ይተካል። ሁለተኛው፣ ሶስተኛ ወገን የሚባለው፣ አሽከርካሪው በሌላ ሰው ሕይወት፣ አካልና ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ይከፍላል። የመጀመሪያው ጣሪያ አለው፤ ከመኪናው ዋጋ አያልፍም። የሁለተኛው ጣሪያ ከመኪናው ዋጋ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መንገድ ሲያቋርጥ የተገጨ ሰው ከእንግዲህ መራመድ ባይችል፣ የሕክምናው ወጪና ያጣው ገቢ የገጨው መኪና አዲስ ሆነ አሮጌ አይለይም። በአብዛኛው ዓለም በሕግ ግዴታ የሆነውም ይሄኛው ነው። ርካሽ መኪና ይዞ የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ከሚከፍለው አረቦን ውስጥ ብዙ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው ክፍል ስለሆነ፣ መኪናው በመርከሱ አረቦኑ አብሮ አይረክስም።

ወጣትነት ለምን ይህን ያህል ያስከፍላል? የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም እንደሚለው፣ በተነዳው ርቀት ሲሰላ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች ሞት ባስከተለ አደጋ ውስጥ የሚገኙበት መጠን 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሶስት እጥፍ ያህል ነው። ዓይናቸው ወይም እጃቸው ስለዘገየ አይደለም፤ በዚያ በኩል የሚታሙ አይደሉም። የሚጎድላቸው መንገዱን ቀድሞ ማንበብ ነው። ከቆመ አውቶቡስ ፊት ሰው ብቅ ሊል እንደሚችል፣ ጥላ ያረፈበት አስፋልት ሌላው ሲደርቅ እርጥብ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል መገመት በመንዳት ብዛት እንጂ በተሰጥኦ አይመጣም። ሲመሽና እኩያ ጓደኞች ሲሳፈሩ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አሽከርካሪ ለተወሰነ ጊዜ ሌሊት እንዳይነዳና ሰው እንዳይጭን የሚገድብ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ አገሮችም ተከትለዋታል።

ኢንሹራንስ ድርጅቱ አመልካቹን በግል አያውቀውም፤ የሚያውቀው እሱን የመሰሉ ሰዎች ያስከፈሉትን ካሳ ነው። በአውሮፓ ወጣት ሴቶች ከወጣት ወንዶች ያነሰ የሚከፍሉበት ጊዜ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2011 ይህን ከለከለና ከ2012 ዲሴምበር 21 ጀምሮ ጾታ የአረቦን መለያ መሆኑ ቀረ። ዕድሜ ግን አልተነካም። ከእኩዮቹ ተለይቶ መታየት የሚፈልግ ወጣት በአንዳንድ አገሮች ያለው ምርጫ መኪናው ላይ መከታተያ ማስገጠም ነው። መሣሪያው ፍጥነትን፣ ድንገተኛ ፍሬንን፣ የሚነዳበትን ሰዓትና ርቀት ይመዘግባል፤ በጥንቃቄ የነዳ ሰው ቅናሽ ያገኛል። ለተረጋጋ አሽከርካሪ ጥሩ ነገር ነው ባይ ነኝ። የስፖርት መኪና የገዛው እኩለ ሌሊት ላይ ባዶ መንገድ ፍለጋ ለመውጣት ከሆነ ግን መሣሪያው የሚመዘግበው ይህንኑ ነው፤ ቅናሽ የጠበቀው ሰውዬ ጭማሪ ይመጣበታል።

ስለ አሽከርካሪው ይህን ካልን ወደ መኪናው እንምጣ። «ስፖርት» የሚለው ስም ብቻውን ዋጋ አይቆርጥም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ ወደ 115 ፈረስ፣ ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ ብዙም የማይርቅ ነው። ዛሬ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ብዙ ተራ መኪኖች በጉልበት ይበልጡታል። አሥር ዓመት ቆይቶ የመጣው ሆንዳ ኤስ2000 ደግሞ ያለ ተርቦ ከ2 ሊትር 240 ፈረስ ያወጣል፤ ሞተሩም በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ገደማ ይደርሳል። ሁለቱም ክፍት ጣሪያ ያላቸው ባለ ሁለት ወንበር የጃፓን መኪኖች ናቸው፤ በአረቦን ግን አይገናኙም። ኢንሹራንስ ድርጅቶች ጉልበቱን፣ የመለዋወጫውን ዋጋ፣ መኪናው ለሌባ ያለውን ምቾትና ያ ሞዴል እስካሁን ስንት ካሳ እንዳስከፈለ ያያሉ። ብሪታንያ ውስጥ ለዓመታት መኪኖች ከ1 እስከ 50 በሚደርስ ምድብ ሲመደቡ ኖረዋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር አረቦኑም ይጨምራል። ቀብድ ከመክፈል በፊት የሚፈለገውን ሞዴል፣ የሞተሩን መጠንና የተሰራበትን ዓመት ይዞ ለሁለት ሶስት ድርጅቶች ዋጋ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። ገዢዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ከገዙ በኋላ ነው።

ያረጁት ላይ ብዙ ጊዜ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ መኪናው ሲንሸራተት በራሱ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ መስመሩን የሚመልሰው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ። ቦሽና መርሴዲስ በ1995 ያስተዋወቁት ሲሆን፣ አሜሪካ ለአዳዲስ መኪኖች ያስገደደችው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለሁሉም አዲስ መኪና ያደረገው በ2014 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተሰሩ ብዙ የስፖርት መኪኖች የላቸውም። የጎደለው ነገር የሚታወቀው መታጠፊያ ላይ ነው። ከልክ በላይ ፈጥኖ የገባ ሰው ሲደነግጥ በደመ ነፍስ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል። በዚያች ቅጽበት የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይሸጋገራል፣ የኋላዎቹ ይቀላሉ፤ የሚቀሉትም አስፋልቱን አጥብቀው መያዝ በሚገባቸው ሰዓት ነው። የኋላው ክፍል ወደ ውጭ ይወጣል። ሰውየው ፍሬን ሲጨምርበት ዙሩ ይጠናቀቃል። ሞተሩ ከወንበሮቹ ጀርባ የሆነ መኪና፣ ለምሳሌ ከ1989 እስከ 1999 የተሰራው ሁለተኛው ቶዮታ ኤምአር2፣ በዚህ ጠባዩ ስሙ የሚነሳ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመኪናውን እግር፣ ማለትም ሞላውንና ጎማ የሚይዙትን ክፍሎች፣ አሻሽሎለታል።

እዚህ ላይ ጎማ ይመጣል። ያረጀ የስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚኖር የጎማው ጥርስ ጥልቅ ሆኖ ይገኛል። ሻጩም «ጎማው አዲስ ነው» ይላል። የጎማው ጎን ላይ በትንሽ ክብ መስመር ውስጥ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2314 ከሆነ በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሰርቷል ማለት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፤ እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም። እኔ ብሆን ከሬዲዮውም፣ ከማርሚታውም፣ ከቸርኬውም በፊት የምቀይረው እሱን ነው።

ስለ ዋጋ የተጻፈችው መስመር

ሙሉ ሽፋን፣ ማለትም ለሶስተኛ ወገንም ለራስ መኪናም የሚከፍለውን፣ የሚገዛ ሰው ከውሉ ሁሉ አንድ መስመር ብቻ አንብብ ቢባል፣ ማንበብ ያለበት መኪናው ቢወድም ካሳው በምን ዋጋ እንደሚሰላ የሚናገረውን ነው። በተለመደው ውል የሚከፈለው የገበያ ዋጋ ነው፤ አደጋው በደረሰበት ዕለት ተመሳሳይ ዕድሜና ርቀት ያለው መኪና የሚሸጥበት። ለተራ መኪና ይህ ብዙም አያጣላም። የተለፋበት አሮጌ መኪና ላይ ግን ያጣላል።

በቁጥር እንየው፤ ገንዘቡ ብር ሆነ ዶላር ለውጥ የለውም። መኪናው በ100 ተገዛ። ባለቤቱ ሞተሩን ለማሳደስ፣ ለጎማ፣ ለፍሪሲዮንና ለቀለም 60 አወጣበት። እሱ አሁን የ160 መኪና አለኝ ብሎ ያስባል። ገበያው ግን እንዲህ ያለውን ወጪ እንዳለ አይመልስም፤ ምናልባት 115 ይሰጠዋል። መኪናው ቢወድም ድርጅቱ ከ115 ላይ ተቀናሹን፣ ማለትም ባለቤቱ ከራሱ የሚችለውን ድርሻ፣ አንስቶ ይከፍላል። ወጣት አሽከርካሪ ላይ ተቀናሹ ራሱ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ 15 ነው እንበል። እጅ የሚገባው 100 ነው። ስድሳው ቀልጦ ቀረ።

ሌላው ዓይነት ውል አስቀድሞ የተስማሙበት ዋጋ የሚሰራበት ነው። ባለቤቱ ፎቶ፣ ደረሰኝና የገማች ወረቀት ያቀርባል፤ ሁለቱ ወገኖች 150 ላይ ይስማማሉ፤ መኪናው ከወደመ ይኸው ይከፈላል። ለአሮጌ ስፖርት መኪና የሚፈለገው ይህ ነው። አደገኛው የሁለቱ መሃል የሆነው ነው፤ ባለቤቱ ዋጋውን ይናገራል፣ አረቦኑም በዚያ ይሰላል፣ ውሉ ውስጥ ግን «ከተነገረው ዋጋና ከገበያው ዋጋ ያነሰው ይከፈላል» የሚል አለበት። ሰው ወረቀቱ ላይ 150 ተጽፎ ሲያይ ተስማምተናል ብሎ ይሄዳል። በተቃራኒው አረቦን ለመቀነስ ብሎ የ100ውን መኪና 50 ነው ያለም ይጎዳል፤ ብዙ ውሎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ካሳውን በዚያው ልክ ይቆርጡታል። ለ20 ጥገና 10 ብቻ ይከፈለዋል፣ እሱም ከተቀናሹ በፊት።

መኪናው ለመውደም ደግሞ ብዙ አይጠይቅም። ድርጅቱ መኪናውን ከጥቅም ውጪ የሚለው የጥገናው ወጪ ከዋጋው የተወሰነ ድርሻ ሲያልፍ ነው። ዋጋው ትንሽ የሆነ መኪና ላይ ይህ ወሰን ቅርብ ነው፤ ኮፈኑ ተጨማዶ፣ አንድ መብራት ተሰብሮ፣ የአየር ከረጢቱ ፈንድቶ ከሆነ አለቀ፤ ተነድቶ ጋራዥ የገባው መኪና በወረቀት ይሞታል። ባለቤቱ ስብርባሪውን በተቀነሰ ካሳ ማስቀረት ይችል ይሆናል፤ ግን በብዙ አገር ታሪኩ መዝገብ ላይ ይቀራል፣ ወደፊት ሲሸጥም ሲሸፈንም ይከተለዋል።

ለጥንታዊ መኪና የሚሸጥ ልዩ ኢንሹራንስ አለ፤ አረቦኑ ዝቅ ያለ፣ ዋጋውም በስምምነት የሚቆረጥ። ችግሩ ግን ቅድመ ሁኔታው ነው። በዓመት የሚነዳው ርቀት የተገደበ፣ ማታ ጋራዥ የሚያድር፣ ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና ያለው ሰው ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹም ከ25 ዓመት በታች ያለን ወይም መንጃ ፈቃዱ ጥቂት ዓመት የሆነውን አይቀበሉም። መኪናውም ስላረጀ ብቻ ጥንታዊ አይባልም፤ አንዱ 15 ዓመት ይበቃል ሲል ሌላው 25 ይላል። ለ20 ዓመቱ ልጅ ይህ በር አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ቢሆንም መጠየቅ አይከፋም።

ቀላል የሚመስሉ ውሸቶች

አረቦኑ ሲከብድ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «በአባባ ስም እናድርገው» ነው። አባት ዋና አሽከርካሪ ተብለው ይመዘገባሉ፤ ልጁ አልፎ አልፎ የሚነዳ ይባላል፤ በእውነቱ ግን መኪናው ከልጁ እጅ አይወጣም። ብሪታንያን በመሰሉ አገሮች ይህ ማጭበርበር ነው። በሰላም ቀን ማንም አይጠይቅም። አደጋ ሲደርስ ግን መርማሪው መኪናው የት እንደሚያድር፣ ማን ነዳጅ እንደሚሞላ፣ የትራፊክ ቅጣቱ በማን ስም እንደሆነ ይጠይቃል። ውሉ ከተሰረዘ የራስ መኪና ካሳ ይቀራል። የባሰው ሌላ ነው፦ በብዙ አገር ሕግ ድርጅቱ ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከዋሸው ደንበኛ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። የሰው አካል ካሳ ደግሞ በደመወዝ ተከፍሎ የሚያልቅ ዕዳ አይደለም።

በትክክለኛው መንገድ ግን ወላጅ ይረዳል። ልጁ ዋና አሽከርካሪ ሆኖ፣ መኪናውን በእርግጥም አንዳንዴ የሚነዱት እናት ወይም አባት ሁለተኛ ሆነው ቢጨመሩ የተፈቀደ ነው፤ አረቦኑም ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ቁጥሩን አስልቶ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ውሸት ዝምታ ነው። ዝቅ የተደረገ ሞላ፣ ሰፊ ቸርኬ፣ የሚጮህ ማርሚታ፣ የተለወጠ የሞተር ኮምፒውተር፣ ሁሉም ለድርጅቱ መነገር አለባቸው። ያረጀ የስፖርት መኪና ከአራት አምስት ባለቤት እጅ ስለሚያልፍ ገዢው ራሱ ሳያውቀው የተቀየረ ነገር ይኖራል። «እኔ አይደለሁም የቀየርኩት» ማለት ብዙ አያስኬድም። ሲገዛ ከፋብሪካ ያልመጣውን ሁሉ ሻጩን አስቆጥሮ በጽሑፍ መያዝ፣ እንዳለም ማሳወቅ ይሻላል። ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ መኪና ለወጣት የሚመከረው በከፊል ለዚህ ነው፤ ሲሸጥም ይፈለጋል። የውድድር ሜዳ ላይ መንዳት ደግሞ ከተለመደው ሽፋን ውጪ ነው። ጀርመን ያለው የኑርበርግሪንግ ውድድር ሜዳ ሰሜናዊ ዙር ለሕዝብ ሲከፈት በሕግ ክፍያ የሚጠየቅበት መንገድ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ድርጅቶች ስሙን ጠርተው ከሽፋን አውጥተውታል።

ካሳ መጠየቅም ስሌት አለው። ያለ ካሳ ያለፈ እያንዳንዱ ዓመት ቅናሽ ያስገኛል፤ ለወጣት ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። ተቀናሹ 15 ሆኖ የተገጨው ባምፐር ጥገና 18 ቢሆን፣ ሶስት ለማግኘት ብሎ የዓመታት ቅናሽ ማጣት ኪሳራ ነው። አደጋውን ማሳወቅ ግን ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ የተለያዩ ናቸው።

መኪናውን ማየት

ኢንሹራንስ እርጅናን አይሸፍንም። ዝገት፣ ያለቀ ፍሪሲዮን፣ በዕድሜ የተበላሸ ሞተር የባለቤቱ ነው። ስለዚህ የሚገዛው መኪና ውስጡ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከውሉ እኩል ገንዘብ ያድናል።

ኤምኤክስ-5ን እንውሰድ። ጣሪያው ሸራ ነው። በሸራው ላይ የወረደው ዝናብ ከወንበሮቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ገብቶ፣ በቱቦ ወርዶ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት መሬት ላይ ይፈሳል። ቀዳዳውን ቅጠልና አቧራ ሲደፍነው ውሃው በሩ ስር ወዳለው ባዶ ላሜራ ይገባና ከውስጥ ወደ ውጭ እያዛገ ይኖራል። ቀለሙ ሲታይ ያብረቀርቃል። አንድ ብርጭቆ ውሃ በቀዳዳው ቀስ ብሎ ማፍሰስና ጎንበስ ብሎ ከስር ማየት ነው፤ ውሃው ወዲያው ካልወረደ የሆነ ቦታ ቆሟል። ከዚያ ከኋላ ጎማ አጠገብ ያለውን የታችኛውን ጠርዝ በአውራ ጣት መጫን፣ ማግኔትም ማስጠጋት። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ ነው።

ሌላው ሞዴል ሌላ ጠባይ አለው። ከ1982 እስከ 1991 የተሰራው ፖርሽ 944 ታይሚንግ ቺንጊያው፣ ማለትም የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን መትቶ ያጣምማል፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጥገና ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ቀን ያለበት ደረሰኝ ካልቀረበ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዋጋ መቀነስ ይገባል። ከ2003 እስከ 2012 የተሰራው ማዝዳ አርኤክስ-8 ፒስተን የሌለው፣ የሚሽከረከር ሞተር አለው፤ በባሕርዩ ዘይት ይበላል፣ እመቃው የሚለካውም በተራ መለኪያ ሳይሆን ለዚህ ሞተር በተሰራ መሣሪያ ነው። ያንን መሣሪያ የያዘ መካኒክ ሳያየው አርኤክስ-8 የሚገዛ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው።

መለዋወጫ እንደ ድሮው አያስጨንቅም። ማዝዳ በ2017 ለመጀመሪያው ኤምኤክስ-5 የእድሳት አገልግሎትና መለዋወጫ እንደሚጀምር አስታወቀ፤ ቶዮታም በ2020 ሱፕራ ለተባሉት የቀድሞ የስፖርት መኪኖቹ ዕቃ እንደገና ማምረት ጀመረ። ዋጋው ግን የአዲስ ዕቃ ዋጋ ነው፤ መኪናው ስላረጀ ቅናሽ የለውም። ያለ ገንዘብ ሁሉ መኪናው ላይ አውጥቶ ባዶ ኪስ መቅረት የማይበጀው ለዚህ ነው። የግዢውን ሲሶ ያህል ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ማስቀመጥ እኔ ዝቅተኛ የምለው ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚቀረው የወረቀት ሥራ ነው። መኪናውን ከአራቱም ጎን፣ ከውስጥም ከኮፈኑ ስርም ፎቶ ማንሳት፤ የጥገና ደረሰኝ ሁሉ ከመኪናው ውጪ ማስቀመጥ፣ መኪናው ሲሰረቅ አብረው እንዳይሄዱ። ውሉ በሚታደስበት ጊዜ የተስማሙበትን ዋጋ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ያረጁ ስፖርት መኪኖች ዋጋቸው መውረዱን ትቶ መውጣት ይጀምራል፣ የአምናው 150 ዘንድሮ ላይበቃ ይችላል። ያኔም የሌላ ድርጅት ዋጋ ይዞ መቅረብ ነው፤ አንድ ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ልጅ አምና ከነበረበት ምድብ ወጥቷልና።